የእንግዳ ርስት

ፖዙዞ በመካከለኛው ፔሩ፣ የአንዲስ ተራሮች ወደ አማዞን ቆላ በሚወርዱበት ተዳፋት ላይ፣ በገደልና በጥቅጥቅ ደን የተከበበች ትንሽ ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ሞቃትና እርጥብ ነው፤ ሙዝና ካሳቫ በቀላሉ ይበቅሉባታል። ቤቶቿ ግን የቆላ ቤት አይመስሉም። ጣሪያቸው በረዶ እንዲያንሸራትት የታሰበ ይመስል ሾጣጣ ነው፤ በዚያ ሸለቆ በረዶ አይጥልም። የቤቶቹን አሠራር ይዘው የመጡት ከኦስትሪያዋ ቲሮልና ከጀርመን የራይን አገር የተሰደዱ ገበሬዎች ናቸው። ወደ ሸለቆው የደረሱት እ.ኤ.አ. በ1859 ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። ከከተማዋ ነዋሪዎች ብዙዎቹ ዛሬም በእነዚያ ገበሬዎች ስም ይጠራሉ።

ወደ ፖዙዞ የሚሄድ ሰው በእንግድነት ይሄዳል፤ የሚቀበሉትም የእንግዶች ልጆች ናቸው። እነሱ ራሳቸው ሲመጡ አስተናጋጁ ማን ነበር የሚለው ግን ከሾጣጣው ጣሪያ ሥር ተቀምጦ በቀላሉ አይታይም። ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ ከአንዲት ከተማ ይሰፋል። ሰው ባልተወለደበት ምድር እንግድነቱ የሚያበቃውና ባለቤትነቱ የሚጀምረው በምንድን ነው? ባፈሰሰው ላብ ነው? መንግሥት በሰጠው ወረቀት? በቀበራቸው ሙታን? ወይስ የቀደመው ሰው እስኪረሳ ድረስ በመቆየት?

አማርኛ ለዚህ ጥያቄ የሚመች አንድ ቃል አለው፤ ርስት። ርስት በአንድ ወገን ከአባት የወረደ መሬት ነው፤ ድንበር አለው፣ ሙግት አለበት፣ ደም ያፋስሳል። በሌላ ወገን በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ የመንግሥተ ሰማያት ስም ነው፤ ማንም በጉልበቱ ያላቀናው፣ በቸርነት የሚወረስ። አንዱ ርስት ‹የእኔ ነው› ያሰኛል፤ ሌላው ‹ሳይገባኝ ተሰጠኝ› ያሰኛል። የፖዙዞ ነገር በእነዚህ በሁለቱ መካከል የቆመ ነው።

ዛሬ ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ከሊማ ተነሥቶ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከ4,800 ሜትር በላይ ወደሚገኘው የቲክሊዮ በር ይወጣል። ትንፋሽ ከሚያጥርበት ከዚያ ብርድ በታርማ በኩል ቁልቁል ወርዶ ላ መርሴድ ላይ ቆላ ይገባል፤ እንደገና ወደ ኦክሳፓምፓ ወይና ደጋ ይወጣል። ከኦክሳፓምፓ እስከ ፖዙዞ ያለው 80 ኪሎ ሜትር ያህል የዋንካባምባን ወንዝ ተከትሎ በገደል ወገብ የተቆረጠ ነው፤ ዝናብ ሲበረታ ናዳ ይዘጋዋል። መኪና በዚህ መንገድ ፖዙዞ የደረሰው በ1970ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት ከመቶ ዓመት በላይ ሰውም በእግሩ፣ ለገበያ የሚነዳ ከብትም በእግሩ ነበር። ስለ ሰፋሪዎቹ የጻፉ አውሮፓውያን በደን ውስጥ የተረሱ ሕዝብ ብለው ሲያዝኑላቸው ኖረዋል። መረሳት ግን ሁልጊዜ ከአንድ ወገን የሚታይ ነገር ነው፤ ለቲሮል የተረሳው ሸለቆ ለሌሎች ሕዝቦች የዕለት ተዕለት ኑሯቸው ነበር።

ገበሬዎቹ አገራቸውን የለቀቁት ለጀብዱ አልነበረም። በቲሮል፣ በላይኛው የኢን ወንዝ ሸለቆ፣ መሬት ለልጆች እኩል እየተቆራረጠ ስለሚወረስ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለብዙ ቤተሰብ የቀረው የእርሻ ቁራጭ ቀለቡን የሚሸፍን አልነበረም። ከዚህ የባሰም ነበር። በቲሮል ንብረት የሌለው ሰው ለመጋባት የአካባቢውን አስተዳደር ፈቃድ ማግኘት ነበረበት፤ ከ1820 ጀምሮ የጸናው ይህ ሕግ እስከ 1921 ቆይቷል። ድሃ ድሃ እንዳይወልድ በሚል ሐሳብ ለጎጆ የሚበቃ የሌለውን ሰው ትዳር ከለከሉት። ስለዚህ ስደተኞቹ ለመሳፈር አንትወርፕ ወደብ ሲደርሱ፣ አብሯቸው የተነሣው የቲሮል ቄስ ዮዜፍ ኤግ ብዙ ጥንዶችን እዚያው አጋባ። ስደት አብዛኛውን ጊዜ ቤት የሚያፈርስ ነገር ነው፤ እነዚህ ሰዎች ግን ቤት መመሥረት የቻሉት ስደተኛ በሆኑ ዕለት ነው። የትውልድ አገር ሁልጊዜ ሰውን የሚያቅፍ፣ ባዕድ አገር ሁልጊዜ የሚገፋ ነው የሚለው ልማዳዊ ግምት በአንትወርፕ ወደብ ላይ ይናጋል።

ፔሩ በበኩሏ ሰው ትፈልግ ነበር። በፕሬዚዳንት ራሞን ካስቲያ ዘመን አገሪቱ በጓኖ፣ ማለትም ከባሕር ዳር ደሴቶች እየተቆፈረ ለአውሮፓ እርሻ ማዳበሪያ በሚሸጠው የወፍ ኩስ፣ በአንድ ጊዜ በልጽጋ ነበር። መንግሥት ከሊማ ተነሥቶ ተራራውን ተሻግሮ የአማዞን ገባሮች ለጀልባ ምቹ እስከሚሆኑበት ድረስ መንገድ ሊዘረጋ፣ በዚያም ወደ አትላንቲክ ሊወጣ አሰበ። በመንገዱ ዳር የሚሰፍር ሕዝብ አስፈለገ። ባሮን ዳሚያን ፎን ሹትስ-ሆልትስሃውዘን የተባለ ጀርመናዊ በ1850ዎቹ ከመንግሥት ጋር ውል ገብቶ ካቶሊክ፣ ታታሪና ጠባየ መልካም ሰፋሪዎችን ሊያመጣ ተስማማ። መንግሥት መጓጓዣቸውን ሊከፍል፣ መሬት ሊሰጥ፣ እስከ ሸለቆው ድረስ መንገድ ሊያበጅ ቃል ገባ።

በእነዚያው ዓመታት ሌሎች እንግዶችም ወደ ፔሩ ይመጡ ነበር። ከ1849 እስከ 1874 ባለው ጊዜ 100,000 ያህል ቻይናውያን በውል ሥራ ስም ገብተው በጓኖ ደሴቶች፣ በሸንኮራ አገዳና በጥጥ እርሻዎች፣ በባቡር ሐዲድ ሥራ ላይ ከባርነት ብዙም ባልራቀ ሁኔታ ሠርተዋል። አንዱ እንግዳ ሰፋሪ ተብሎ መሬት ሲሰጠው፣ ሌላው ጉልበቱ ብቻ ተፈልጎ ወደ ኩሱ ጉድጓድ ተላከ። እንግዳን ማስተናገድ በጎ ምግባር ነው ሲባል አስተናጋጁ የሚመርጠው የትኛውን እንግዳ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። የፔሩ መንግሥት የመረጠው በቆዳ ቀለም ነበር፤ ይህንን ሳያነሡ የፖዙዞን ታሪክ የጽናት ታሪክ ብቻ አድርጎ መተረክ ግማሹን መተው ነው።

ጽናቱ ግን እውነተኛ ነው፤ ሊቃለልም አይገባውም። ወደ 300 የሚሆኑ ሰዎች፣ የሚበዙት ከቲሮል የቀሩት ከራይን አገር፣ በመጋቢት 1857 ኖርተን በተባለች የጓኖ ጫኝ መርከብ ከአንትወርፕ ተነሡ። የደቡብ አሜሪካን ጫፍ ዞረው ከአራት ወር ገደማ በኋላ ፔሩ ደረሱ፤ በመንገድ የሞቱባቸውንም ለባሕር ሰጡ። ከዋቾ ወደብ ተነሥተው በእግርና በበቅሎ ተራራውን ሲወጡ ቃል የተገባው መንገድ አለመሠራቱን ተረዱ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁለት ዓመት የፈጀ ጉዞ ነው። በየደረሱበት ሰፈሩ፣ ቀለባቸውን ዘሩ፣ መንገዱን ራሳቸው በዶማና በመጥረቢያ ቆረጡ። ናዳ ሰዎች ቀበረባቸው። ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው በሴሮ ደ ፓስኮ ማዕድንና በዋኑኮ ከተማ ቀሩ። በሐምሌ 1859 ወደ ሸለቆው የገቡት 170 ያህል ብቻ ነበሩ። ባሮኑ ከኃላፊነቱ ወርዶ ሄደ፤ ቄሱ ግን አልተለያቸውም፣ ዕድሜውንም በዚያው ጨረሰ። ሌላ የስደተኞች ቡድን በ1868 ተጨመረ። ሰፋሪዎቹ የመጡበትን አገር ልዩነት እንኳ አልተዉም፤ ቲሮላውያኑ ፖዙዞ ላይ፣ የራይን ሰዎቹ ከወንዙ ላይኛው በኩል ዛሬም ፕሩሲያ በሚባለው መንደር ሰፈሩ።

ይህ ታሪክ ሲነገር የኦሪት ዘፀአትን መልክ ይይዛል። ከችግር መውጣት አለ፣ ባሕር መሻገር አለ፣ በምድረ በዳ መንከራተት አለ፣ ሕዝቡን የሚመራ የእግዚአብሔር ሰው አለ፣ በመጨረሻም የተስፋ ምድር። መልኩ የሚያጽናና ነው፤ ያን ያህል የተንገላታ ሕዝብ መከራውን ትርጉም ካልሰጠው አይቆምም። ችግሩ ያለው በአምሳያው መጨረሻ ላይ ነው። ከነዓን ባዶ አልነበረችም፤ ፖዙዞም አልነበረችም።

የደከመ ሰው መሬቱ ይገባዋል የሚለውን ክርክር በፍልስፍና አጥብቆ የያዘው እንግሊዛዊው ጆን ሎክ ነው። በ1689 ባሳተመው ስለ መንግሥት ሁለተኛ ድርሳኑ፣ ምድር ለሰው ልጆች በጋራ እንደተሰጠች፣ ነገር ግን ሰው ጉልበቱን ከአፈር ጋር ሲያዋሕድ ያ ቁራጭ የራሱ እንደሚሆን ያስረዳል። ጉልበቱ የራሱ ነውና ጉልበቱ የገባበትም የራሱ ነው። ለዚህ ክርክር ከፖዙዞ የተሻለ ምስክር ማግኘት ይከብዳል። መንገዱን በእጃቸው የቆረጡ፣ ደኑን የመነጠሩ፣ ልጆቻቸውን እዚያው የቀበሩ ሰዎች ‹የእኛ አይደለም› ሊባሉ አይችሉም። ማንም ፍትሕ የሚያውቅ ሰው ይህን ላብ ከንቱ ሊያደርገው አይደፍርም።

ይሁን እንጂ ሎክ ራሱ አንድ ገደብ አስቀምጧል፤ የሚወስደው ሰው ለሌሎች በቂና እኩል የሆነ ሊተርፍላቸው ይገባል። ደግሞም ገና በማንም ያልተያዘ ምድር ምን እንደሚመስል ሲያስብ በዓይነ ኅሊናው የነበረችው አሜሪካ ናት። እዚህ ላይ ዓይኑ ጉድለት አለበት። ሞፈርና ቀንበር ያልነካውን መሬት ሥራ ያልገባበት አድርጎ ነው የሚያየው፤ አድኖ፣ ዓሣ አጥምዶ፣ አነስተኛ ማሳ ዘርቶ ከዚያ ለደኑ መልሶ የሚተወው ሕዝብ የሚሠራው ሥራ ለእርሱ ዓይን ቀላል ነው።

በዚያ አካባቢ የኖረው ሕዝብ ያኔሻ ይባላል፤ የስሙም ትርጉም ‹እኛ ሰዎች› ማለት ነው። ለያኔሻና ለጎረቤታቸው ለአሻኒንካ የዚያ ምድር እምብርት የጨው ተራራ ነበር። ከሩቅ ወንዞች ሳይቀር ልዩ ልዩ ሕዝቦች እየመጡ ጨው ይቆርጡበት፣ ይገበያዩበት፣ ወሬ ይለዋወጡበት ነበር። ዛሬ ከኦክሳፓምፓ ወደ ፖዙዞ የሚወስደው መንገድ በሚያልፍበት በዋንካባምባ ሸለቆ፣ ፓልማሶ በተባለ ቦታ፣ ያኔሻዎች መለኮታዊ አባት ከሚስቱና ከልጁ ጋር ወደ ድንጋይ ተለውጦ የቀረበት ነው የሚሏቸው ድንጋዮች ነበሩ፤ ሰዎች ከየአቅጣጫው ወደዚያ እየሄዱ ይሳለሙ ነበር። አንትሮፖሎጂስቱ ፈርናንዶ ሳንቶስ ግራኔሮ እንዳስረዳው ያኔሻ ታሪካቸውን የጻፉት በምድሩ ገጽ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ቋጥኝና የወንዝ መታጠፊያ አንድ ነገር ያስታውሳል። ማንበብ ለማይችል ሰው ያ ምድር ባዶ ወረቀት መስሎ ይታያል። መጽሐፍ ለማያነብም ሰው ብራና የእንስሳ ቆዳ ብቻ ነው።

ምድሩ ለውጭ ሰው ዝግ ነበር፤ ለዚህም ምክንያት አለው። ፍራንሲስካውያን መነኮሳት በ18ኛው ክፍለ ዘመን በፖዙዞ ሸለቆም ሆነ በጨው ተራራ ዙሪያ ሚሲዮኖች ነበሯቸው። ከመነኮሳቱ ጋር በሽታና አስገዳጅ ሥራም ገባ። በ1742 ሁዋን ሳንቶስ አታሁዋልፓ የተባለ ከተራራው ምድር የወረደ ሰው አሻኒንካንና ያኔሻን አስተባብሮ ተነሣ፤ በጨው ተራራ ዙሪያ የነበሩት ሚሲዮኖች ፈረሱ፣ መንግሥትም ለመቶ ዓመት ያህል ወደዚያ ምድር ተመልሶ መግባት አልቻለም። የፔሩ መንግሥት ሰፋሪዎቹን የላከው እንግዲህ ሰው ወደማያውቀው ደን ሳይሆን ባለቤቶቹ በሩን ወደዘጉት አገር ነው። ከተራራው የደረሱት ድሆች ይህን አያውቁም ነበር፤ አለማወቃቸው ከበደል ነጻ ሊያደርጋቸው ይችላል፤ የተላኩበትን ነገር ግን አይለውጠውም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከሎክ ይልቅ ኦሪት ዘፍጥረት ጠለቅ ያለ ነገር ያውቃል። ምዕራፍ 23 ላይ ሣራ ትሞታለች፤ አብርሃምም የሚቀብርባት መሬት የለውም። ያ ምድር በሙሉ ለዘሩ እንደሚሰጥ ከእግዚአብሔር አፍ ሰምቷል። ተስፋውን ጠቅሶ ‹የእኔ ነው› ማለት በቻለ ነበር። ያደረገው ግን ሌላ ነው። የአገሩ ሰዎች በሆኑት በኬጢ ልጆች ፊት ተነሥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ራሱን እንግዳና መጻተኛ ብሎ ጠርቶ የመቃብር ቦታ ለመናቸው። የቦታው ባለቤት ኤፍሮን በነጻ ሊሰጠው ሲያግደረድረው እምቢ ብሎ 400 ሰቅል ብር መዝኖ በምስክሮች ፊት ከፈለ። ተስፋ የተሰጠው ሰው ለአንዲት ዋሻ ሙሉ ዋጋ ከፈለ። መለኮታዊ ተስፋም ቢሆን በምድሪቱ ላይ ያለውን ሰው እንደማይሰርዘው ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ትረካ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በፖዙዞ ዋጋ ተቀባዩ መንግሥት፣ ዋጋ ከፋዩም መንግሥት ነበር፤ የኬጢ ልጆች ስፍራ የሚገባቸው ሰዎች በውሉ ላይ አልቆሙም።

ኦሪት ዘሌዋውያን ደግሞ ነገሩን ከሥሩ ይነቅለዋል። ምዕራፍ 25 ላይ መሬት ለዘላለም እንዳይሸጥ የታዘዘበት ምክንያት ምድሪቱ የእግዚአብሔር መሆኗና እስራኤላውያን ራሳቸው በእርሱ ዘንድ እንግዶችና መጻተኞች መሆናቸው ነው። ይህ ለስደተኛ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ርስቱን ለወረሰው፣ በቤቱ ለተቀመጠው ነው የተነገረው። እንግድነት እንግዲህ ሰው ሲደላደል የሚያልፈው የመጀመሪያ ምዕራፍ ሳይሆን በምድር ላይ የመኖር መልክ ይሆናል። ቲሮላዊውም እንግዳ ነው፤ ያኔሻውም በሌላ ትርጉም እንግዳ ነው። ልዩነቱ ቀድሞ የመጣው እንግዳ ኋላ ከመጣው ጋር ያለው የመቀባበል ግዴታ ነው፤ ኋላ የመጣውም ቀድሞ የተቀመጠውን ሳያስነሣ መቀመጥ አለበት።

ይህ ትምህርት ሊጣመም እንደሚችል መካድ አይገባም። ‹ሁላችንም እንግዶች ነን› የሚለው ቃል በቀማኛ አፍ ሲገባ የተቀማውን ሰው ዝም ማሰኛ ይሆናል። ስለዚህ ቃሉን ማን ለማን እንደሚናገረው ወሳኝ ነው። በኦሪት ውስጥ የተነገረው ለባለርስቱ ነው፤ ርስቱን ላጣው ሰው የተነገረው ሌላ ነው፤ በሃምሳኛው ዓመት መሬቱ እንዲመለስለት።

ኢማኑኤል ካንት በ1795 ስለ ዘላለማዊ ሰላም ባወጣው ድርሳን ይህን ጥያቄ በሕግ ቋንቋ ያነሣዋል። ምድር ክብ ስለሆነች ሰዎች ያለ ወሰን ሊበታተኑ አይችሉም፤ መጨረሻ ላይ ጎን ለጎን መኖራቸው ግድ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ማንም ሰው በባዕድ ምድር በጠላትነት ሳይታይ የመጎብኘት መብት አለው ይላል። ነገር ግን ይህ መብት የመስፈር መብት አይደለም፤ ለመስፈር ከአገሬው ሰው ጋር የተለየ ስምምነት ያስፈልጋል። ካንት የዘመኑን አውሮፓውያን የወቀሰውም በዚሁ ነው፤ ሌላውን ሕዝብ መጎብኘትንና መውረርን አንድ አድርገዋል። ቄኒግስበርግ ከተባለችው ከተማው ርቆ ያልሄደው ፈላስፋ ከብዙ ተጓዦች የተሻለ ስለ መጓዝ ገብቶታል። በፖዙዞ ላይ ሲመዘን ሚዛኑ ያስጨንቃል። እነዚያ ገበሬዎች ወራሪዎች አልነበሩም፤ ከረሃብ የሸሹ፣ ራሳቸውም የተታለሉ ነበሩ። ካንት የሚጠይቀው ስምምነት ግን አልነበረም። ያለ ክፋት የተሠራ በደል ሊኖር እንደሚችል ሞራላዊ ሐሳብ በቀላሉ አይቀበልም፤ የስደት ታሪክ ግን በዚህ የተሞላ ነው።

ፈረንሳዊቷ ሲሞን ቬይ በ1943፣ በሞተችበት ዓመት ለንደን ሆና በጻፈችው ስለ ሥር መስደድ በሚናገረው መጽሐፏ፣ ከሥሩ የተነቀለ ሰው ሌላውንም ይነቅላል የሚል ሐሳብ አቅርባለች። ሐሳቡ በፖዙዞ አካባቢ ቀስ ብሎ ሲፈጸም ይታያል። ሰፋሪዎቹ በመጀመሪያ ሩዝ፣ ትምባሆና ለዋኑኮ ገበያ የሚሆን ኮካ ዘሩ፤ እየቆየ ከብት ዋናው ሀብታቸው ሆነ። ከብት ግጦሽ ይፈልጋል፣ ግጦሽ ደኑን ይበላል። በልጆች ብዛት መሬቱ ሲጠብ፣ ልክ አያቶቻቸውን ከቲሮል እንዳስወጣው፣ አንዳንዶቹ በ1891 ኦክሳፓምፓን መሠረቱ፤ በ1960ዎቹም ሌሎች ወንዙን ተከትለው ወርደው ኮዶ ዴል ፖዙዞን አቀኑ። እያንዳንዱ መስፋፋት ለራሱ እንደገና የአቅኚነት ጀግንነት ነው፤ ለደኑና በደኑ ለሚኖሩት ደግሞ እንደገና መጥበብ ነው። ያኔሻዎች መሬታቸውን ቁራጭ በቁራጭ በሕግ ለማስመዝገብ የተገደዱት በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው።

ዛሬ ከተራራው ምድር ኬችዋ ተናጋሪዎችና ልጆቻቸው ሥራ ፍለጋ ወደዚያው ሸለቆ ወርደዋል፤ ከሰፋሪዎቹ ልጆችም ጋር ተጋብተዋል። ከፖዙዞ ቤቶች ብዙዎቹ በአንድ ማዕድ ላይ የቲሮልና የአንዲስ አያቶች አሏቸው። የቲሮሉ ዘዬ ወደ አዛውንቶች አፍ ተወስኗል፤ ወጣቶቹ የሚነጋገሩት በስፓኒሽ ነው። የአያቶቹ ኬክ ሽትሩደል ፖም በሌለበት አገር በሙዝ ይጋገራል። ይህ የሙዝ ሽትሩደል ስለ ርስት ከብዙ ሐውልት የበለጠ ይናገራል። የአሠራሩ እጅ ከአያት ነው፤ ውስጡን የሞላው የተቀበለው ምድር ነው፤ ምድሩ ባይሰጥ እጁ ብቻውን ምንም አይጋግርም።

ከተማዋ ራሷን በዓለም ብቸኛዋ የኦስትሪያና የጀርመን ሰፈር ብላ ታስተዋውቃለች። ብቸኛ የሚለው ቃል ሊቀልል ይገባዋል፤ በብራዚል ትሬዜ ቲሊያስን በ1933 የመሠረቱትም ቲሮላውያን ናቸው። ስሙ ጎብኚ ይስባል፤ መንገዱ ከተከፈተ ወዲህም ጎብኚ የከብቱን ገቢ የሚደግፍ ኑሮ ሆኗል። ብዙዎቹ ስደተኞች የተነሡባቸው የዚልትስና የሃይሚንግ መንደሮች ሰዎችም ግንኙነቱን አድሰው ለሸለቆው እርዳታ ሲያደርጉ ቆይተዋል፤ ድሃ ነህና አትጋባ ያለው አገር ልጆች ለተገፉት የልጅ ልጆች እጃቸውን ዘረጉ። በሐምሌ መጨረሻ የመድረሻው መታሰቢያ ሲከበር ጭፈራው፣ የአያቶቹ ልብስና ምግቡ ለበዓሉ ይወጣል። ይህን ሁሉ ለገበያ የሚደረግ ትርኢት ነው ብሎ ማጣጣል ፍርደ ገምድልነት ነው። ሰው የሚያከብረውን ነገር ለእንግዳ ማሳየቱ የክብሩ አካል ነው።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። መከራ ሲታወስ በሁለት መንገድ ሊታወስ ይችላል። አንደኛው ‹ይህን ያህል ተንገላተናልና ይገባናል› ይላል፤ ያኔ መከራው የይዞታ ማረጋገጫ ይሆናል፤ ያልተንገላታ ሁሉ፣ ቀድሞም የነበረ ኋላም የመጣ፣ ከደብተሩ ይወጣል። ሁለተኛው ‹ይህን ያህል ተንገላተን ሳለ ምድሩ ተቀበለን› ይላል፤ ያኔ መከራው ዕዳ ይሆናል። ኦሪት መጻተኛን ውደድ ብሎ ሲያዝ የሚሰጠው ምክንያት ይኸው ሁለተኛው ነው፤ በግብፅ መጻተኛ የነበረ ሕዝብ የመጻተኛን ነፍስ ያውቃል። የፖዙዞ ቤተ ክርስቲያን በቅዱስ ዮሴፍ ስም የተሰየመ ነው። ዮሴፍ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ በሌሊት ወደ ግብፅ የተሰደደ፣ በባዕድ ሰው ምድር የተጠለለ አናጢ ነው። በዚያ ስም የተጠራ ደብር ውስጥ መሬትን የድካም ደመወዝ ብቻ አድርጎ ማስታወስ አስቸጋሪ ነው።

ጎብኚው በዚህ መካከል ምን ስፍራ አለው? አማርኛ ‹መጎብኘት› የሚለውን ቃል ለአገር ተመልካች ብቻ አያውለውም። ባለርስት እርሻውን ይጎበኛል፣ እረኛ መንጋውን ይጎበኛል፣ እግዚአብሔርም ሕዝቡን ይጎበኛል። ቃሉ ውስጥ ዓይን ብቻ ሳይሆን ኃላፊነት አለ። ሾጣጣውን ጣሪያ ፎቶ አንሥቶ፣ ሽትሩደሉን በልቶ የሚመለስ ሰው አየ እንጂ አልጎበኘም። የጎበኘ ሰው ወደ ፖዙዞ ሲወርድ ከመስኮቱ ባሻገር ያለው የዋንካባምባ ሸለቆ ከሰፋሪዎቹ በፊት የሚሳለሙት ሰዎች እንደ ነበሩት ያውቃል፤ የሚያስተናግዱትን ሰዎች ሲያመሰግን ምስጋናው ከእነሱ አልፎ የት መድረስ እንዳለበት ያስባል። ካንት ለጎብኚ የሰጠው መብት ትንሽ የሚመስለው ከዚህ ውጪ ሲታይ ነው፤ ሳይወስዱ የማየት፣ ሳይሰፍሩ የመቀበል መብት ነውና ምናልባት ሰው በምድር ላይ ካሉት መብቶች ሁሉ ንጹሑ ነው።

ምድሩን የሚመለከቱ አዳዲስ ውሎችም ተጽፈዋል። ከመንገዱ በላይ ያለው ደን በ1986 ያናቻጋ ቼሚዬን ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከለለ፤ ከተራራው ማዶም በ1988 የያኔሻ የጋራ ጥብቅ ደን ተቋቋመ። በ2010 ዩኔስኮ ፖዙዞን ጨምሮ አካባቢውን በሙሉ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ ሲመዘግብ የተሰጠው ስም ኦክሳፓምፓ-አሻኒንካ-ያኔሻ የሚል ነው። የመጀመሪያው ሰፋሪዎቹ ያቀኑት ከተማ ስም ሲሆን ቃሉ ግን ኬችዋ ነው፤ የሣር ሜዳ ማለት ነው። የቀሩት ሁለቱ በ1850ዎቹ ውል ላይ ያልተጻፉት ሕዝቦች ስሞች ናቸው።